ከተማችንን በጧፍ ብርሃን

ሰው ከአገሩ ሳይወጣ፥ ከሚኖርበትም ከተማ አንድ ቀን እንኳ ሳይለይ፥ ለከተማው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ እንግድነት ስንቅ አስቋጥሮ፥ ዘመድ አስለቅሶ የሚመጣ አይደለምና ሰው በጊዜው አያውቀውም። ጠዋት ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መንገዱንም አይስትም። ነገር ግን አንድ ቀን ቆም ብሎ ልቡን ቢመረምር፥ ከዚያች ከተማ ጋራ የሚያገናኘው የደመወዝ መዝገብና የመብራት ሒሳብ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በዚህ ወር የሌላውን ሰው ጥፋት አንስተን አንወቅስም። ይህ እንግድነት በራሳችን ላይ ደርሶ ስለ ነበረ፥ እንዴት እንደ ያዘንና በምን እንደ ለቀቀን ብንነግራችሁ ለቤተ ሰቦቻችሁ ይጠቅም ይሆናል ብለን አሰብን።

እኛ ተወልደን ያደግነው በአዲስ አበባ መካከል፥ ከደብር ደጅ በማይርቅ አንድ አሮጌ ሰፈር ነው። ፊደል የቈጠርነው፥ ዳዊት የደገምነው፥ ኋላም ድቁና የተቀበልነው በዚያው ደብር ሲሆን፥ ዘመናዊውን ትምህርት የተማርንበትም ትምህርት ቤት ከቤታችን የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነበረ። በ2016 ዓ.ም. ያ ሰፈር ለመንገድና ለልማት ፈረሰ። ነዋሪውም አንዱ ወደ ምሥራቅ፥ አንዱ ወደ ደቡብ ተበተነ፤ እኛም ከነቤተ ሰባችን በከተማይቱ ዳርቻ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን። እውነቱን መናገር ይገባናልና፥ አዲሱ ቤት ከአሮጌው ቤት በብዙ ነገር ይሻላል። አሮጌው ቤት በክረምት ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃውም የስምንት ቤተ ሰብ ነበረ። አዲሱ ቤት አያፈስም፤ መጸዳጃውም የራስ ነው።

በአራተኛው ፎቅ ላይ ግን ሌላ ነገር ጐደለ። እናታችን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጕልበታቸውም ደረጃውን አይችለውም። በቀድሞው ሰፈር የአንዱ ቤት ቡና ሲቈላ ሽታው ለሁሉ ይደርስ ስለ ነበረ፥ ጠሪ ሳያስፈልግ ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። በአዲሱ ቤት ግን እናታችን ቡናውን አፍልተው በመስኮት እያዩ ብቻቸውን ይጠጡት ጀመር። በፊት ለፊታችን ያለው በር የማን እንደ ሆነ እንኳ ሳናውቅ አምስት ወር ዐለፈ። እኛም ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሥተን በታክሲ ወረፋ እንቆማለን፤ ሁለት ታክሲ ቀይረን ከምናስተምርበት እንደርሳለን፤ ማታም በዚያው ወረፋ እንመለሳለን። ከዚህም የተነሣ ማዕድ በቀረበ ቍጥር ከተማይቱን ማማት የቤታችን ልማድ ሆነ። እኛ እንጀምራለን፤ የቤታችን እመቤት ታግዘናለች፤ ልጆቻችንም ያዳምጣሉ።

ልጆች የሚያዳምጡትን እንደማይረሱ በሙያችን እያወቅን ዘነጋነው። አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጃችን «ከተማዬ» በሚል ርእስ እንድትሥል በትምህርት ቤት ታዝዛ የሣለችውን አሳየችን። በሥዕሉ ላይ ብዙ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ነገር ግን የሁሉም ጀርባ ብቻ ተሥሎ፥ አንድም ፊት አልነበረበትም። «ፊታቸውስ የታለ?» ብለን ብንጠይቃት፥ «አባዬ፥ ወረፋ ላይ የሚታየው እኮ ጀርባ ነው» ብላ መለሰችልን። ይህ መልስ ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ ነሣን። በማግሥቱም ወደ አባታችን የትውልድ አገር፥ ወደ አንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ እንድንዛወር የሚጠይቅ ማመልከቻ ጻፍን፤ ጽፈንም በመሳቢያ ውስጥ አኖርነው። ሐሳባችን አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ለማቅረብ ነበረ።

በዚያው ዓመት በጳጕሜን፥ ቀድሞ ተማሪያችን የነበረ አንድ ወጣት የእንቍጣጣሽ ሰላምታውን በስልክ ጽፎ ላከልን። ይህ ልጅ ዛሬ በፈረንሳይ አገር ልዮን በምትባል ከተማ ይኖራል። ልዮን ሮንና ሶን የተባሉ ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት ጥንታዊ ከተማ ናት። ተማሪያችን በዚያች ከተማ በየዓመቱ ስለሚደረገው የብርሃን በዓል በሰፊው ጻፈልን፤ ታሪኩም መልካም ስለ ሆነ ባጭሩ እናቀርበዋለን። የዓመተ ምሕረቱ ቍጥር በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

በ1852 ዓ.ም. የልዮን ሰዎች ፉርቪዬር በተባለው ኰረብታ ላይ የእመቤታችንን ሐውልት ለማቆም ተዘጋጅተው ነበር። ሐውልት ማቆም የእኛ ሥርዓት ባይሆንም፥ የሰዎቹ ልብ የሚታይበት ታሪክ ነው። በዓሉ በሴፕቴምበር 8 ቀን እንዲሆን ተወስኖ ሳለ፥ የሶን ወንዝ ሞልቶ የቀራጺውን የሥራ ቦታ ስላጥለቀለቀው ወደ ዲሴምበር 8 ቀን ተላለፈ። ያ ቀን ሲደርስ ደግሞ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ፥ የተዘጋጀው የርችት ብርሃን ሊቀር ሆነ። ነገር ግን ወደ ማታ ሰማዩ ጠራ። ያን ጊዜ የከተማይቱ ሰዎች በየቤታቸው መስኮት ሻማ እያበሩ አኖሩ፤ ወደ መንገድም ወጥተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዓመቱ በዚያው ማታ በብርጭቆ ውስጥ ሻማ አብርቶ በመስኮት ማኖር የልዮን ሰዎች ልማድ ሆነ። ዛሬ በዓሉ አራት ሌሊት የሚቈይ ሆኗል፤ በኤሌክትሪክ ጥበብ የሕንፃዎቹ ግድግዳ ሁሉ በቀለምና በሥዕል ይሸለማል፤ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብም የመግቢያ ዋጋ ሳይጠየቅ እየተዘዋወረ ያየዋል።

ከዚህ ሁሉ ግን ልባችንን የነካው የ2015 ዓ.ም. ነገር ነው። በዚያ ዓመት በኖቬምበር ወር በፓሪስ ከተማ በተደረገው የሽብር ጥቃት 130 ሰዎች ተገደሉ። ስለዚህ የልዮን ሹማምንት ለሕዝቡ ደኅንነት ሲሉ ታላቁን ትርኢት ሰረዙት። የኤሌክትሪኩ ጥበብ ሁሉ ቀረ፤ የቀረው በየመስኮቱ የሚበራው ትንሹ ሻማ ብቻ ነበር። ሕዝቡም ለሞቱት መታሰቢያ እንዲሆን ያንኑ አበራ። ተማሪያችን ይህን ከተረከልን በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «መምህር፥ እኔ እዚህ ሻማ በመስኮት ባየሁ ቍጥር የሚታወሰኝ እርስዎ በክፍል ውስጥ ያስተማሩን የደመራ ታሪክ ነው። ዘንድሮ ደመራው ዘንድ ሲሄዱ ስለ እኔ አንድ ጧፍ ያብሩልኝ።»

አንባብያን ሆይ፥ ይህን ስናነብ ዐፈርን። በመስቀል አደባባይ ለደመራ ከቆምን ዐሥራ አንድ ዓመት ዐልፎናል። መጀመሪያ ልጅ ስለ ተወለደ ቀረን፤ በሚቀጥለው ዓመት ሰው ይበዛል ብለን ቀረን፤ ከዚያም በኋላ ቴሌቪዥኑ ሁሉን ያሳየናል እያልን በወንበር ላይ ተቀምጠን ማየት ለመድን። ለተማሪዎቻችን ግን በየዓመቱ ስለ ደመራ እናስተምር ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው በዓልን ከመጽሐፍ አውጥቶ ሲተርክ በዓሉን ያከበረ ይመስለዋል፤ ይህ የእኛ የመምህራን ድካም ነው። ለተማሪያችንም «እንሄዳለን» ብለን መለስንለት። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ ነጠላቸውን አጥበው ማድረቅ ጀመሩ። «እማዬ፥ ደረጃውስ? መንገዱስ?» ብንላቸው፥ «ለመውረዱስ እወርዳለሁ፤ ለመውጣቱ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉን።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም 16 ቀን ከምሳ በኋላ ከቤት ወጣን። በአደባባዩ ዙሪያ ያሉት መንገዶች በዚያ ቀን ለመኪና ዝግ ናቸውና፥ ታክሲው ካደረሰን ቦታ ጀምሮ በእግራችን ሄድን። በየመንገዱ በሚደረገው ፍተሻ እናታችንን ወንበር እየለመንን እያሳረፍናቸው፥ የቀረውንም በክንዳችን ደግፈን፥ በዝግታ ተጓዝን። በዕለት መንገዳችን ከታክሲ መስኮት በስተቀር አይተነው የማናውቀውን ጎዳና ያን ቀን በእናታችን እርምጃ አየነው። በግራና በቀኝ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ይጐርፋል፤ አደይ አበባ የሚሸጡ ልጆች፥ ችቦ የተሸከሙ ጐልማሶች፥ ሕፃን ያዘሉ እናቶች አብረውን ይሄዳሉ። ማንም ማንን አይቀድምም፤ ወረፋ የለምና።

መስቀል አደባባይ ብዙ ያየ ቦታ ነው። ከአጠገቡ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ብዙም ሳይርቅ ፍል ውሃው ይገኛል፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በዚያ አካባቢ ቤት በማሠራታቸው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈረቈረች፤ ስሟንም ያወጡላት እርሳቸው ናቸው። አደባባዩ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በ1969 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የደርጉ መሪ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የሞላበትን ጠርሙስ በሕዝብ ፊት እየሰበረ ቀይ ሽብርን ያወጀው በዚሁ ቦታ ነው። በዚያ ዘመን ላለቁት መታሰቢያ የሚሆነው ሙዚየም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአደባባዩ ማዕዘን ላይ ይገኛል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የመስቀል ስም ተመልሶለታል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ታድሶ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠራለት። ይህን ለልጃችን በመንገድ ስንነግራት፥ «ታዲያ ክፉ ነገር የተደረገበት ቦታ ላይ ነው በዓል የምናከብረው?» አለችን። አዎን፤ ከተማ ማለት እንዲህ ነው። ክፉው የተደረገበትን ቦታ ለክፉው ትቶ የሚሄድ ሕዝብ ከተማ አይኖረውም።

በደረጃው ላይ ቦታ አግኝተን ተቀመጥን። ደመራው በመካከል ቆሟል፤ በጫፉ ላይ በአደይ አበባ የተጌጠ መስቀል ይታያል። ካህናቱ በመቋሚያና በጸናጽል ወረቡን ያቀርባሉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ልብሰ ተክህኖ የመሰለ ልብሳቸውን ለብሰው በከበሮ እየዘመሩ በየተራ ያልፋሉ። ይህ በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የታሪኩን ሥር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጌታ መስቀል ተቀብሮ በላዩ የከተማው ጥራጊ ሲጣልበት ብዙ ዘመን ቈይቶ ኰረብታ ሆኖ ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት ንግሥት እሌኒ መጥታ ብትፈልገው የሚያሳያት አጣች። በመጨረሻ ኪራኮስ የተባለው ሽማግሌ ነገራት፤ ደመራም አስደምራ ዕጣን ብታጤስበት ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ምድር ሰገደና ቦታውን አመለከታት። ቍፋሮውም መስከረም 17 ቀን ተጀምሮ መጋቢት 10 ቀን መስቀሉ ተገኘ።

ይህን ታሪክ ሃያ ጊዜ አስተምረነዋል። በዚያ ቀን ግን ስለ ጥራጊው ያለው ክፍል በአዲስ መልክ ታሰበን። መስቀሉን የቀበሩት ሰዎች ተራራ አምጥተው አልጫኑበትም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጥራጊ ብቻ ነው የጣሉበት። እኛስ የከተማችንን ፍቅር የቀበርነው እንዲሁ አይደለምን? ማታ ማታ በማዕድ ላይ አንድ እፍኝ ምሬት እንጥልበታለን፤ በማግሥቱም ሌላ እንጨምራለን፤ በመጨረሻም ልጃችን ከላይ የምታየው ጥራጊውን ብቻ ሆነ።

በዚህ ሐሳብ ሳለን ከኋላችን አንዲት ሴት፥ «አንተ ልጅ!» ሲሉ ሰማን። ዘወር ብንል የቀድሞ ሰፈራችን እናት፥ የእናታችን የሠላሳ ዓመት የቡና ጎረቤት ሆነው አገኘናቸው። «እትዬ!» ብለን ስንነሣ እርሳቸው እኛን ዐልፈው እናታችንን ዐቀፏቸው። ሁለቱ አሮጊቶች ለብዙ ጊዜ ምንም አልተነጋገሩም። ከዚያ ጎረቤታችን፥ «ሞታለች ብዬ እኮ ነበር፤ ማንን ልጠይቅ?» አሉ። እናታችንም፥ «እኔም ላንቺ እንዲሁ አስቤ ነበር» አሏቸው። አንድ ከተማ ውስጥ፥ የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆነው፥ አንዷ ሌላዋን በልቧ ቀብራት ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ የቅርቡ ጎረቤት ሩቅ ሲሆን ምን እንደሚባል ግን አባቶቻችን አልነገሩንም።

ጸሎቱ ደርሶ ቡራኬው ከተሰጠ በኋላ ደመራው ተለኰሰ። ፀሓይም ትጠልቅ ነበር። እሳቱ ሲነሣ በደረጃው ላይ ያለው ሕዝብ ጧፉን ማብራት ጀመረ። እንዴት እንደሚበራ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁን? ሁሉ ሰው ክብሪት የለውም። አንዱ ያበራል፤ ጎኑ ላለው ጧፉን ዘንበል ያደርግለታል፤ ያም ለሚቀጥለው ያቀብላል። የሰጠውም ሰው ብርሃኑ አይቀንስበትም። ለእኛ እሳት የሰጠን አንድ የማናውቀው ወጣት ነው፤ እኛ ለልጃችን፥ ልጃችን ለአያቷ፥ አያቷ ለጎረቤታቸው፥ ጎረቤታችንም በላያችን ባለው ደረጃ ላይ ለተቀመጡ ሰዎች ሰጡ። ከዚያ በኋላ እሳቱ የት እንደ ደረሰ አናውቅም። ቀና ብለን ስናይ ግን አደባባዩ ከዳር እስከ ዳር በጧፍና በሻማ ተመልቶ ነበር። ስለ ተማሪያችንም አንድ ጧፍ ጨምረን አበራን።

ያን ጊዜ ያየነውን ነገር በቀላል ቃል እንነግራችኋለን፤ ፊት አየን። በእጅ የተያዘ ጧፍ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያበራው የያዘውን ሰው ፊት ነውና፥ በዙሪያችን ያለው የሕዝብ ፊት ሁሉ በራ። የደከመ ፊት፥ ያረጀ ፊት፥ ጢም ያላወጣ ፊት፤ ምናልባትም ጠዋት ጠዋት በወረፋ ጀርባቸውን የምናይ ሰዎች ፊት። የከተማችን ጎዳናዎች ከጥቂት ዓመት ወዲህ ያማሩ መብራቶች ተተክለውላቸዋል፤ እኛም መብራቱን አንንቅም፤ ማታ ለሚጓዝ ሰው ታላቅ እርዳታ ነውና። ነገር ግን የጎዳና መብራት ከላይ ሆኖ መንገዱን ያሳያል፤ ጧፍ ደግሞ የባልንጀራን ፊት ያሳያል። ከተማ ሁለቱም ያስፈልጓታል። እኛ ሁለተኛውን አጥተን ሳለ የመጀመሪያውን እያየን፥ «ይህች ከተማ አምራለች፤ ግን አታውቀንም» እንል ነበር። ማን ጧፍ ይዞ ቆሞላት ነው የምታውቀው?

ሌላም ነገር አስተዋልን። በዚያ ቦታ የመግቢያ ቲኬት የሚቈርጥ የለም። ባለጠጋው ከፊት የሚቀመጥበት፥ ድኻው ከኋላ የሚቆምበት ዋጋ አልወጣም። ጧፍ መግዛት ያልቻለ ሰው እንኳ ከሰው ጧፍ ተጠግቶ ይቆማል። ዋጋ የማይከፈልበት በዓል ዋጋ የሌለው መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ እኛም ከእነርሱ ወገን ነበርን። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከፍሎ የገባ ሰው ተመልካች ነው፤ ያላማረው እንደ ሆነ ገንዘቤን ይላል። ሳይከፍል የገባ ሰው ግን የሚጠይቀው ባለ ዕዳ ስለሌለው፥ በዓሉ ያምር ዘንድ ራሱ ድርሻውን ማዋጣት ይገባዋል። በልዮን የ1852 ዓ.ም. ሰዎች ርችቱ ሊቀር ሲል በየመስኮታቸው ሻማ ያኖሩት በዓሉ የራሳቸው ስለ ነበረ ነው።

ደመራው ከወደቀ በኋላ እናታችን በግንባራቸው ላይ ዐመድ አስቀቡ። ከጎረቤታቸውም ጋራ የልጅ ልጆቻቸውን የስልክ ቍጥር ተለዋውጠው ተለያዩ። ልጃችን ግን ጧፏን አላጠፋም አለች፤ «እስከ ቤት አደርሰዋለሁ» ብላ በወረቀት ከልላ ያዘችው። በእግር እስከ ታክሲው ድረስ ተሳካላት። በታክሲው ውስጥ ረዳቱ፥ «እሳት ይዞ መግባት አይቻልም» ብሎ ሊከለክል ሲል፥ የሕፃኒቱን ፊት አይቶ፥ «እሺ፥ መስኮቱ ዘንድ ተቀመጪ» አላት። መስኮቱ ዘንድ ተቀመጠችና ነፋስ አጠፋባት። አለቀሰች። እናታችን ጧፉን ከእጇ ተቀብለው ክሩን በጣታቸው አቀኑላትና፥ «አይዞሽ፤ አንዴ የነደደ ጧፍ ቶሎ ይያያዛል» አሏት።

እናታችን ይህን የተናገሩት ስለ ጧፍ ብቻ ነው። እኛ ግን እስከ ቤታችን ድረስ ይህንኑ ቃል ስናመላልሰው ሄድን።

ከመኖሪያችን ግቢ ስንደርስ ልጆች ተሰብስበው ትንሽ ደመራ አቁመው ነበር። ችቦ ስላነሳቸው የካርቶን ቍራጭና የደረቀ ቅርንጫፍ ጨምረውበታል። የሚያያይዘው ትልቅ ሰው ግን አልተገኘም፤ ትልልቆቹ ሁሉ እንደ እኛ በየፎቁ ተዘግተው ነበርና። እኛም መጥተናልና ጸሎቱን አደረስን። ልጃችን ከጥበቃው ሠራተኛ ክብሪት ለምና ያንኑ ጧፍ አበራች፤ በእርግጥም ወዲያው ተያያዘ። በእርሱም ደመራው ተለኰሰ። ጢሱና የልጆቹ እልልታ ወደ ላይ ሲወጣ መስኮቶች ተከፈቱ፤ ሰዎች አንድ በአንድ ወረዱ። አንድ ጐልማሳ ለእናታችን ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው። ስሙን ጠይቀን ከተዋወቅን በኋላ በፊት ለፊታችን ያለው በር የእርሱ መሆኑን ዐወቅን። እርሱ ሙስሊም ነው፤ ልጆቹ ግን ካርቶኑን ከሰበሰቡት መካከል ነበሩ። ሚስቱ በማግሥቱ ጠዋት ቡና አፍልታ እናታችንን ጠራቻቸው። እናታችን ደረጃ መውረድ አላስፈለጋቸውም፤ አራት እርምጃ ብቻ ነበር።

አሁን አንድ አንባቢ፥ «ታዲያ ከተማይቱ በአንድ ማታ ተለወጠችን?» ብሎ ቢጠይቀን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አልተለወጠችም። በመስቀል ማግሥት በሚቀጥለው የሥራ ቀን ወረፋው እንደ ቀድሞው ረጅም ነበር፤ ታክሲውም ዘገየ፤ የሰፈራችንም ቤቶች ተመልሰው አልቆሙም። ለጠፋው ሰፈር ማዘን ኃጢአት አይደለም፤ የሚጐድለውንም ነገር ለሚመለከተው በትሕትና መናገር የዜጋ ግዴታ ነው። ነገር ግን በሚወዱት ላይ መናገርና በሚጠሉት ላይ ማማረር አንድ አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ የተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንድትሆን እንዲጸልዩ አዝዟቸዋል። በግዞት ላሉባት ለባዕድ ከተማ ይህ ከታዘዘ፥ ተወልደን ለተጠመቅንባት ከተማማ ምን ያህል ይገባን ይሆን?

ማመልከቻው ዛሬም በመሳቢያችን ውስጥ አለ። ቀደድነው ብለን ብንጽፍ ታሪኩ ያምር ነበር፤ ሐሰት ግን ይሆናል። ኑሮ ብዙ ነገር ያመጣልና አንድ ቀን እናቀርበው ይሆናል። ነገር ግን ያን ቀን ከተማይቱን ጠልተን አንወጣም፤ እንደ ጎረቤት ተሰናብተን እንጂ። እስከዚያው ድረስ በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናታችንን ይዘን ወደ ቀድሞ ጎረቤታቸው እንሄዳለን፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ እርሳቸው ይመጣሉ። የተበተኑትም የሰፈራችን ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ እየተገኙ ነው። በማዕድ ላይም ከተማይቱን ማማት ስንጀምር ልጃችን «ጥራጊ!» ትለናለች፤ እኛም ዝም እንላለን።

እንግዲህ ለቤተ ሰቦቻችሁ የምንመክረው ጥቂት ነው። መስከረም 16 ቀን በደረሰ ጊዜ በቴሌቪዥን ከማየት ተነሥታችሁ ሂዱ። መሄድ የሚችሉ ሽማግሌዎቻችሁን ይዛችሁ በእነርሱ እርምጃ ሂዱ፤ የከተማችሁን ታሪክ በመንገድ ላይ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ከቤታችሁ ሁለት ሦስት ጧፍ ጨምራችሁ ያዙ፤ ያልያዘ ሰው አይጠፋምና። ቦታው ከራቃችሁ ወይም ድካም ከከለከላችሁ፥ በግቢያችሁ ውስጥ ልጆች ያቆሙትን ትንሹን ደመራ ወርዳችሁ አያይዙላቸው፤ ብቻቸውን አትተዉአቸው። በር ለበር የምትኖሩትንም ሰው ስም በዚያ ማታ ጠይቁ።

ፍቅር ያጠፋችሁባት ከተማ፥ ሰፈር ወይም ጎረቤት ያለ እንደ ሆነ፥ እናታችን በታክሲው ውስጥ ለልጃችን የነገሯትን አስታውሱ። ክሩን አቅኑ፤ ከጎናችሁ ካለው ሰው እሳት ለምኑ። አንዴ የነደደ ጧፍ ቶሎ ይያያዛል።

ለከተማችንና ለነዋሪዎቿ ሁሉ እግዚአብሔር ሰላሙን ያብዛልን።